ብብት ሥር የሞቀ ባትሪ

ሥራዬ የቤት ማሞቂያ መጠገን ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ብርዱ ሲጠና ስልኬ እረፍት የለውም። ፈርነሱ፣ ማለትም ማሞቂያው፣ ቀጥ ያለበት ሰው ምድር ቤት እወርድና በሆዴ ተኝቼ የተበላሸውን ስፈልግ እውላለሁ። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው ለጉራ አይደለም። ብርድ ዕቃን ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ ሰው እኔ ነበርኩ። አንባቢ ይህን ይዞ እንዲፈርድብኝ ነው።

ፈርነስ ሥር ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ የእጅ ባትሪ ገዛሁ። ቀጥሎ ከእሱ የተሻለ ገዛሁ። እንግዲህ እኛ ባትሪ የምንለው መብራቱን ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባውን ድንጋይ እንለዋለን። ከተሻለው የተሻለ ስፈልግ ኢንተርኔት ላይ የአካባቢያችን የባትሪ አፍቃሪዎች ስብስብ አገኘሁ። «ይሄ ብርሃን ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አያደላም» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዬን ስቄባቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አይቼው ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ አረንጓዴ ተጣልቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን መሳቢያዬን ከፍታ አሥራ አንድ ባትሪ ቆጠረች። «መብራት የሚጠፋበት አገር ተወልደህ ሻማ እንኳ ገዝተህ አታውቅም ነበር፤ መብራት የማይጠፋበት አገር መጥተህ ነው እንዴ ባትሪ ሰብሳቢ የሆንከው?» አለችኝ። መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼው ነው።

ነገሩ ግን የእኔ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ አማቴ ገቡበት። የባለቤቴ አባት ዶቨር ሰፈር ባለው ቤታችን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። አገር ቤት ሳሉ የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የሚገባውን ዕቃ እየመረመሩ ጉድለት ያለበትን መመለስ ነበር ሥራቸው፤ አንድ ብሎን የጎደለውን ማሽን ከነጫነው መኪና መልሰዋል ይባላል። አሁን ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ በቀን አንድ ሰዓት በእግር እንዲሄዱ አዟል። ቀን ቀን ግን ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆቻችንን የሚቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ፣ መውጣት የሚችሉት ልጃቸው ከሥራ ስትገባ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ካልጋሪ ድቅድቅ ጨለማ ናት፤ የእሳቸው ዓይን ደግሞ ሲመሽ አያይም።

በኅዳር በረዶ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ብቻ ነበር ያበጠው፤ ባለቤቴ ግን አዋጅ አወጣች።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ ውጪ ዎክ ማድረግ የለም። ሞል ወስጄዎት እዚያ ይሄዳሉ።»

«ሞል ውስጥ እንደ ጠፋ ዕቃ አልዞርም» አሉ፤ አልዞሩምም። ሁለት ሳምንት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ስኳራቸው ወጣ፤ ጨዋታቸው ጠፋ። ከልጆቹ ጋር እንኳ መቀለድ ተዉ። አንጀቴን በሉት። «እኔ ባትሪ እሠራልዎታለሁ አባባ» አልኩ።

መሳቢያው ውስጥ ካሉት አሥራ አንዱ ማናቸውም ይበቁ ነበር። አንዱን ብሰጣቸው ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን መስጠት ሳይሆን መሥራት ነው የፈለግኩት። ባለቤቴ ትክ ብላ አየችኝና «እሺ፣ በአንተ ባትሪ ይሂዱ። ከወደቁ ግን እኔም አንተን አላምንም፣ እሳቸውም ከቤት አይወጡም» አለች። የአማቴ እግር በእኔ እጅ ላይ ወደቀ።

በዚያው ሰሞን የባትሪ ስብስባችን በጋራ አንድ ኃይለኛ ባትሪ እየሠራ ነበር። አንዱ መብራቱን የሚቆጣጠረውን ሰርኪዩት ነደፈ፣ ሌላው አምፖሉን መረጠ። ከማሽን ሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከካልጋሪ አለፍ ብላ ባለችው ኤርድሪ፣ ጋራዣቸው ውስጥ አካሉን ከብረት ይቀርጻሉ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሰው ሳምንት ይጠቀምበትና ወረቀት ሞልቶ ያሳልፈዋል። የወረቀቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምኑን ጠላኸው?» የሚል ነው። ለምስጋና የተተወችው ቦታ ከታች አንድ መስመር ብቻ ናት።

እኔም ተነሥቼ ጉራዬን ነዛሁ። እናንተ ሰብሳቢዎች ናችሁ፣ እኔ ሠርቶ አዳሪ ሰው አመጣለሁ፣ ወገኖቼ ይፈትኑታል አልኩ። ደስ አላቸው። የሁለት ባትሪ ዕቃ ላኩልኝ፤ ምድር ቤታችን ወርጄ ጭሱን እየማግኩ በይጄ ገጣጠምኩት።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቸስተርሚር ሐይቅ ዳር ተሰበሰብን። ሐይቁ በረዶ ሆኗል። ተራ በተራ ባትሪያችንን ወደ ማዶ እናበራለን፤ የሩቁን ያሳየ ያሸንፋል። ሁሉም ባትሪውን ከካፖርቱ ውስጥ፣ ከደረቱ ሥር ነው የሚያወጣው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእኔ መኪና ውስጥ ማሞቂያው ላይ ተቀምጦ ነበር የቆየው። ተራዬ ሲደርስ ሮጬ አመጣሁትና አበራሁት፤ ማዶ ያለው የጀልባ ማሰሪያ ቁልጭ ብሎ ታየ። አፏጩልኝ። ትከሻዬን መቱኝ። ወደ መኪናዬ ስመለስ ባትሪው ድርግም አለ። ነቀነቅኩት፣ እምቢ አለ። መኪና ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ራሱ በራ። «ክዳኑ ላልቶ ነው» አልኩ ለራሴ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ምኑን ጠላኸው?» ለሚለው «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረንጅ ፊት አልዋረድም ብዬ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና!

አንዱን ባትሪ ለአማቴ፣ ሌላውን ታክሲ ለሚነዳ ጓደኛዬ ሰጠሁ። ወረቀቱን ወደ አማርኛ መልሼ አብሬ ሰጠኋቸው።

ጓደኛዬ በሳምንቱ መጣ። የሰው ዕቃ በባዶ እጅ መመለስ ነውር ሆኖበት አንድ ካርቶን ብርቱካን ይዟል። «ብሮ፣ ፐርፌክት ነው! ሲሪየስሊ፣ ምንም አይወጣለትም። ሚስቴ ራሷ ላይክ አድርጋዋለች» አለኝ። ወረቀቱ ላይም «ምንም» ብሏል፤ ከታች ልብ ሥሎበታል።

አማቴ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ለአንድ ብሎን ማሽን የመለሱት ሰው የጻፉት እንዲህ ነበር፦ «ፀሐይ ነው የሰጠኸኝ። እግዜር ይስጥልኝ።» ሌላ የለም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት መንገዳቸው አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይህንንም ለስብስቡ ጻፍኩላቸው፦ «ብርሃኑን ከመውደዳቸው የተነሣ ግማሽ ሰዓት ጨምረው ነው የሚሄዱት።» ዛሬ ያንን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ጣቴን መንከስ ያምረኛል።

የኤርድሪው ሽማግሌ ስልክ ደወሉ። ንግግራቸው እንደሚቀርጹት ብረት ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

«ሁለት ሰው ሳምንት ሙሉ ይዞት አንድም ነገር አልጠላም?»

«አንድም።»

«ሚስቴ ሳምንት ሙሉ እኔን ብትፈትነኝ ወረቀቱ አይበቃትም።»

«የእኛ ሰው አያማርርም» አልኩ፣ በኩራት።

«እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው» ብለው ዘጉት። ቀኑብን ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከገና በኋላ ብርዱ ባሰ፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ገባ። አንድ ማታ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ፣ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አባዬ አልተመለሱም» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፤ ፊቷ ግን አዋጁን ደግሞ አነበበልኝ።

አማቴ የሚሄዱት ከቤታችን ጀርባ ባለው ፓርክ ጠርዝ፣ የመንገድ መብራት በሌለበት መንገድ ነው። ከሩቅ ብርሃን ፈለግኩ። ሐይቅ የሚሻገረው ባትሪዬ ከዚህ እንዴት ይሰወረኛል? ምንም የለም። ሮጥኩ። በስልኬ መብራት ሳይ፣ አጥሩ ጥግ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግራ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልባቸው ነው፣ አለቀልኝ አልኩ።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ። እየሞቀ ነው።»

«ምኑ?»

«ባትሪው ነዋ።» የካፖርታቸውን ዚፕ ከፍተው የእኔን ፀሐይ ከብብታቸው ሥር አወጡት። «ድንጋይ ሲበርደው ይደክማል። ራዲዮ ሲደክምብን ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣው አልነበር? እዚህ በዚህ ሰዓት ፀሐይ የለም፤ ብብት ግን አለ። ሃያ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ብርዱ በርትቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ደረስኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ያቺ የተጨመረች ግማሽ ሰዓት ምን እንደነበረች የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌው በየማታው እግራቸውን እንኳ ማየት በማይችሉበት ጨለማ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ የእኔን ባትሪ እንደ ሕፃን ታቅፈው ሲያሞቁ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ የተቆጣሁት ግን በራሴ ነው።

ባትሪውን መልሰው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። «ከሥራ መጥተህ፣ እራትህን ሳትበላ ምድር ቤት ስትወርድ አይሃለሁ። አማቼ ነህ። በአማች ስጦታ ላይ ምን ጉድለት እጽፋለሁ? ደግሞስ ብናገር እሷ ትሰማለች፤ ከሰማች ከዚያ ወንበር ላይ አልነሣም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አትንገራት» አሉ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጄን በቀስታ ያስለቅቁ ነበር፤ ያን ማታ ተዉኝ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቸስተርሚር ላይ ድርግም ሲልብኝ አይቼ ክዳን ላልቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ምንም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የደበቁት እኔን ላለማሳፈር ነው፤ እኔ የደበቅኩት ግን ለራሴ ክብር ነው።

ቤት ስንገባ «ሰው አግኝተው ሲጫወቱ ነው» አልኳት። ባለቤቴ የሁለታችንንም ፊት ተራ በተራ አይታ ሾርባ አቀረበች።

በማግሥቱ ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ንገረኝ ብዬ በልጆቹ ስም አስማልኩት። «ኦነስትሊ?» አለ። «ኪሴ ውስጥ ራሱን ኦን አድርጎ ጃኬቴን አቃጥሎ በሳው። አዲሱን ጃኬት! ግን ምን ልበልህ ብሮ፤ አንተ እንደዚያ ኤክሳይትድ ሆነህ?» ብርቱካኑን በልቼ ስለጨረስኩ መመለስ አልቻልኩም።

ለስብስቡ ሁሉንም ጻፍኩ፤ የቸስተርሚሩን ጭምር። ይስቁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የኤርድሪው ሽማግሌ «አሁን ገና ፈተና ጀመርን» ብለው ብቻ መለሱ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ሰርኪዩቱ ድንጋዩ ያለቀ ይመስለውና ያጠፋዋል። እነሱ ባትሪያቸውን ደረታቸው ሥር የሚይዙት ለዚህ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም ጠይቄ አላዋቂ መምሰል አልፈለግኩም። የማሞቂያ ጠጋኝ!

የስብስቡን ቀልብ የያዘው ግን የአማቴ ብብት ነበር። ድንጋዩ ለምን ከመብራቱ ተለይቶ ሰውነት አጠገብ አይቀመጥም አሉ፤ መብራቱ ደረት ላይ፣ ድንጋዩ ብብት ሥር፣ መካከላቸው ገመድ። በአማርኛ ብብት ምን እንደሚባል ጠየቁኝና የባትሪው ስም «ቢቢት» ሆነ። ከዚያ ግራ ብብት ይሻላል ወይስ ቀኝ በሚለው ላይ ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ።

አዲሱን የብረት አካል ሽማግሌው ቀርጸው ላኩልኝ፤ እኔ ምድር ቤት ወርጄ በየድኩ። ቸግሮኝ የነበረው ማን ይፈትነዋል የሚለው ነው። እኔ ለአማቴ ከሰጠኋቸው እንደገና ፀሐይ ይሆናል። ስለዚህ ዋሸሁ።

«አባባ፣ ይሄኛው የእኔ አይደለም። ኤርድሪ ያለ አንድ ፈረንጅ ነው የሠራው። ጉድለቱን ሳይደብቁ እንዲጽፉለት ይለምንዎታል።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ባትሪውን አገላበጡ፣ ገመዱን ሳብ አደረጉ፣ ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ፈረንጅ ነው የሠራው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ማስመሪያና ወረቀት አምጣልኝ።»

የእኔን ቅጽ አልፈለጉትም። በማስመሪያ የራሳቸውን አሰመሩ፣ ግምጃ ቤት ሳሉ ይሞሉት የነበረውን ዓይነት። በሳምንቱ የሰጡኝ ወረቀት ፊትና ጀርባው ሞልቷል። ማብሪያው በጓንት አይገኝም፤ ሠሪው ጓንት አድርጎ የማያውቅ ወይም እጅ የሌለው ሰው ነው። ገመዱ አጥሯል፤ ዕቃው የተሠራው ለድንክ ከሆነ በግልጽ ይነገር። ብርሃኑ ኮረብታውን ያሳያል፤ እኔ ኮረብታው ላይ የምፈልገው የለኝም፣ የሚያንሸራትተኝ እግሬ ሥር ያለው ነው፣ እሱን ግን አያሳይም። ከታች፣ በትልቁ፦ «ተመላሽ ይደረግ።»

እውነቱን ለመናገር አመመኝ። እጅ የሌለው ሰው! ወጥቼ ልከራከር ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር፤ ግን በማን ስም? ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስብስባችን ስንት ወር ሙሉ ብርሃኑ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ሲለካ፣ የሰው እግር የት እንደሚያርፍ የጠየቀ አልነበረም። አምፖሉን ወደ ታች አዘነበልኩ፣ ገመዱን አስረዘምኩ፣ ማብሪያውን አሳደግኩ። ሁለተኛው ወረቀት ግማሽ ገጽ ሆነ፤ «ሠሪው መስማት ጀምሯል» ይላል። እንደገና ምድር ቤት ወረድኩ።

ሦስተኛው የመጣው የካቲት ሲገባ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነበር የያዘው፦ «ዕቃው ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። ገቢ ይሁን።» ከሥሩ ሙሉ ፊርማ። ከዚያ ከፀሐዩ ሁሉ ይህቺ «ደህና» በለጠችብኝ። ግን የተሰጠችው ለእኔ አይደለም፤ ለሌለ ፈረንጅ ነው። የፈጠርኩት ሰው ላይ ቀናሁ።

ለስብስቡ ልልከው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፎቶ ሳነሣ፣ ከላይ፣ እስካሁን ዘልዬው የማልፈው መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ። «አቅራቢ» ይላል። ከፊቱ በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፦ «ምድር ቤት የሚሠራው ፈረንጅ።»

«ተመላሽ ይደረግ» ያለውን የመጀመሪያውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። ጉድለቶቹን ለማንበብ ስጣደፍ ከላይ ያለውን አላየሁትም ነበር። ያው ነው፦ «ምድር ቤት የሚሠራው ፈረንጅ።» እጅ የለውም ሲሉም ማን እንደሆነ እያወቁ ነበር።

ወደ ላይ ወጣሁ። አማቴ በሩ አጠገብ ጫማቸውን ያስራሉ፤ ባለቤቴ ገመዱን በካፖርታቸው ውስጥ አሳልፋ ዚፑን እስከ አንገታቸው ዘጋችላቸው። «መሬቱ ይንሸራተታል፣ ቀስ ብለው» አለች፤ አይውጡ ግን አላለችም።

«ለፈረንጁ ሰላም በልልኝ» አሉኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

«እሺ አባባ፣ እነግርልዎታለሁ።»

በመስኮት አየኋቸው። ብርሃኑ እግራቸው ሥር ነው፣ አንድ እርምጃ ቀድሟቸው ይሄዳል። አጥሩ ጥግ ደረሱ፤ ያን ማታ ቆመው ያገኘኋቸው ቦታ። አልቆሙም፣ አለፉት። ባለቤቴ እራት አቅርቤያለሁ ስትለኝ፣ ምድር ቤት የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ወረድኩ። እዚያም ፈረንጁ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ትንሽ አለቀሰ።